ከበረንዳዬ የሄደው ዲሽ

የልጅ ልጄ የሰማዩን ካርታ ከማንም አልቀዳችም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። መምህሯ «ቀድተሻል» ብላ ሥራዋን ከውድድር አስወጣችባት። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አንድ ስልክ ደውሎ መመስከር ሲችል ዝም አለ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አሳምሬ አልጽፍ ይሆናል። የሆነውን ግን አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ።

ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው አፓርታማችን በረንዳ ላይ አንድ ትልቅ ዲሽ ነበረን። ድሮ የአገር ቤት ቴሌቪዥን እናይበት ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር የኔ ዲሽ የርግብ ማረፊያ ሆነ። ልጄ ጣይው እያለች ስንት ጊዜ ጨቀጨቀችኝ። እኔ ደህና ዕቃ አልጥልም።

አንድ ቀን የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ዲሹን አገላብጣ አየችው።

«እማማ፣ ይሄን ልውሰደው?»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ሰማዩን ልሰማበት።»

«ሰማዩ ምን አለ ደግሞ?»

«ሶ፣ እሱን እኮ ነው የማላውቀው» ብላ ሳቀች።

ከዚያ አስረዳችኝ። ሰማይ በዓይን ከምናየው ሌላ በሬዲዮ የሚሰማ ነገር አለው። ፀሐይ ብትወጣም፣ ደመና ቢሆንም ይሰማል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው በገዛ ግቢው በእንጨትና በቆርቆሮ ትልቅ ሳህን ሠርቶ፣ ማንም ሳይቀጥረው፣ የዚያን የማይታይ ሰማይ ካርታ አወጣ። ያስቸገረው የመኪና ሞተር ነበር አሉ፤ ድምፁ መሣሪያው ውስጥ እየገባ ይረብሸዋል። ዳላስ ቢኖር ኖሮ ያብድ ነበር አልኳት።

እሷ የዚያን ሰው ሥራ በትንሹ መድገም ፈለገች። ባዶ የዘይት ጣሳ ዲሹ ፊት አሰረች፣ በፖስታ ያስመጣችውን ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘች። ዲሹ አይንቀሳቀስም። አንድ ቦታ ተተክሎ ይቆማል፣ ሰማዩ ራሱ በፊቱ ያልፋል። በማግስቱ ዲሹ ትንሽ ቀና ይደረግና ሌላ ጥብጣብ ሰማይ ያልፋል። ጥብጣቦቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ካርታ ይሆናሉ። ሸማኔ ሰፈር ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

የኔ ሥራ ጥበቃ ነበር። ወንበሬን በረንዳው ላይ አስቀምጬ፣ ከሥር መጥቶ ሞተር ሳያጠፋ ፓርክ የሚያደርገውን ሁሉ አባርራለሁ። አንድ ቅዳሜ ግን ራበኝና ማይክሮዌቭ ውስጥ ሽሮ አሞቅሁ። የልጅ ልጄ ጮኸች። የማይክሮዌቩ ረብሻ ላፕቶፑ ላይ አንድ ወፍራም ቀይ መስመር ሆኖ ከላይ እስከ ታች ወርዷል።

«አጥፊያት» አልኳት፤ አፈርኩ።

«አይጠፋም እማማ። የተሰማው ሁሉ እንዳለ መቆየት አለበት።»

ስለ ድሮዎቹ ሰማይ ቆጣሪዎች የነገረችኝ አንድ ነገር አልረሳውም። አንደኞቹ ብዙ ኮከብ ቆጠርን ብለው አወጁ። ሌሎች ያንኑ ሰማይ ቢያዳምጡ አብዛኛው የለም። ለካ መሣሪያው ደካማ ሆኖ፣ ጎን ለጎን ያሉ ትንንሽ ድምፆች ተደባልቀው እንደ አንድ ብርቱ ድምፅ ተቆጥረዋል። እነዚያ ሰዎች ተከራክረው ተከራክረው በመጨረሻ እንደገና ቆጠሩና ስህተቱን አስተካክለው አወጡት። እኔ ስለ ኮከብ አላውቅም። ይህን ማድረግ ግን ለሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

የኛ በረንዳ ወደ ደቡብ ብቻ ስለሚያይ ግማሹ ሰማይ በጣሪያው ተከለለ። ሰንበት ትምህርት ቤት አብራት የምትዘምር ጓደኛ አለቻት፤ ማኪኒ የምትባል ከተማ፣ ግቢው ሰፊ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። አባቷ የኮምፒውተር መሐንዲስ ነው። ዲሹን ጭኖ ወሰደው። ውል የለ፣ ምን የለ፤ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ከሌሊት ሥራዋ ወጥታ፣ ዓይኗ እየተከደነ፣ ያን ሁሉ ሀይዌይ ነድታ ታደርሰናለች። ያቺም ጓደኛዋ ሠርታለች፤ ሐሰት አልናገርም። ገመዱን ስታስር፣ ዲሹን ስታቀና አይቻታለሁ። ሁለቱ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ውድድር ሲያቀርቡት ሁለቱንም ስም ሊጽፉ ተስማሙ።

የማኪኒው ውድድር ቀደመ። ካርታው አንደኛ ወጣ፣ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ከሥሩ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ የጓደኛዋ። የኛይቱ ተራዋ ደርሶ ስታቀርብ መምህሯ ያን ፎቶ አገኘችው። ቀድማ ያሳየች ባለቤት ናት፣ ኋላ የመጣች ሌባ ናት፤ ፍርዱ ይኸው ነው። የልጅ ልጄ ጓደኛዬን አሳጣለሁ ብላ አፏን ዘጋች። እቤት መጥታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተጋደመች።

ለአባትየው ደወልኩ። «የልጆች ጉዳይ ነው እናቴ፣ እነሱው ይነጋገሩ» አለኝ። ደግሜ ስደውል ስብሰባ ላይ ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ አላነሳም።

እንግዲህ በኛ ወግ የቀረው ሽማግሌ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሽማግሌዎች ለምኜ አንድ እሑድ ማኪኒ ሄድን። የልጅ ልጄም አብራን መጣች። ሳሎኑ ውስጥ ካርታው በመስታወት ክፈፍ ተሰቅሏል። በመስኮቱ ዲሼ ይታያል፤ የኔ ርግቦች ያበላሹት ጠርዙ ሳይቀር።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣነው ለእርቅ ነው» አሉ።

«እኔ ለእርቅ አልመጣሁም» አልኩ። «አልተጣላሁም። ለመምህሯ ደውሎ የሁለቱ ሥራ ነው ይበል፤ ሌላ አልፈልግም።»

«አይ አንቺ! በልጅነትሽም እንዲህ ነበርሽ?» አሉኝ ትልቁ።

«የባስኩ ነበርኩ።»

አባትየው ረጋ ብሎ ተናገረ። «አባቶቼ፣ ዲሹ የቆመው እኛ ግቢ ነው። ካርታው ያለቀው እዚህ ነው።»

«ሰማዩንም ከቤቱ ጋር ነው የገዛችሁት?» አልኩት። አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«በቃ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉና እንጨርስ» አሉ ትልቁ። ወደ ምግብ ጠረጴዛው ማየት ጀምረው ነበር፤ ምሳ ቀርቧል። ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ሰላም ከወረደ እውነት ደጅ ቢያድር ግድ የለውም።

ተነሣሁና ካርታው ፊት ቆምኩ። ያቺ ወፍራም ቀይ መስመር ከላይ እስከ ታች እንደወረደች አለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩ አባትየውን።

«ረብሻ ናት። ከአካባቢው የገባ።»

«ከየትኛው አካባቢ?»

ሴት ልጁ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር፤ ከመጣን ጀምሮ ከዚያ አልወረደችም።

«የእማማ ሽሮ ነው» አለች። «ዳዲ፣ እነሱ በረንዳ ላይ ነው የተሠራው። ሃፉ፣ ግማሹ የሷ ነው። ነግሬህ ነበር እኮ።»

የልጅ ልጄ ጓደኛዋን ቀና ብላ አየቻት፤ ሌባ ከተባለችበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ትልቁ ሽማግሌ ወደ አባትየው ዞሩ። «እንግዲህ ልጅህ መሰከረች። ትደውላለህ?»

ሰውየው ልጁን ወደ ላይ ውጪ አላት። ከዚያ ወንበሩን ወደኔ አስጠግቶ፣ እንደሚወደኝ ሰው እጄን ያዘ።

«እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። የልጅ ልጅዎ ለኮሌጅ ማመልከቻ ስለ ሕይወቷ የምትጽፈው ሞልቷታል። አፓርታማው አለ፣ ሌሊት የምትሠራ እናት አለቻት፣ በስደት የመጡ እርስዎ አሉ። እዚህ አገር ይሄን ይወዱታል፤ ካርታው ባይኖራትም ይቀበሏታል። የኔ ልጅ ምን ጎድሎባት ምን ትጻፍ? ያላት ይሄ ካርታ ብቻ ነው። አልደውልም።»