ስፕሌንደር ፉል ቤት

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ስቲከር መላጥ ነበር። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያለው የጋሽ ታምራት ማስታወቂያ ቤት የገባሁት ስምንተኛን ጨርሼ በክረምቱ ነው። «ፊደሉን ትተሽ ትርፉን አንሺ» አሉኝ። የ«መ»ን ሁለት ሆዶች ሳላነሳ ቀረሁ። «ይሄን ፊደል ምን አብልተሽው ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

በሁለተኛው ክረምት ወደ ኮምፒውተሩ አደግኩ። ዲዛይነር ተባልኩ! የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ደንበኛ ያለውን ጻፊ፣ ለምን አትበይ።

አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ከየካ አባዶ መጡ። ፉል ቤት ሊከፍቱ ነው።

«ስፕሌንደር በይልኝ፣ ልጄ።»

«ምን ማለት ነው፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሲሉት አያምርም?»

ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ግርማ፣ ዓይን የሚያፈዝ ውበት ይላል። ለቤተ መንግሥት፣ ለትልቅ በዓል፣ ለፀሐይ መጥለቂያ ይውላል። ስለዚህ ጥቁር መደብ፣ የወርቅ ፊደል፣ ከላይ ዘውድ! ጋሽ ታምራት ሄደው ሰቀሉት፤ እኔም ባመጡት ፎቶ ስንቱን አስቀናሁበት።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ተመልሰው መጡ። «ሰው በሩ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ፉሉን ስደፋ ነው የምውለው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሆነልኝ ዘግቼ ሰው ቤት እቀጠራለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ቤቱን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። አራት ዱካ፣ አንድ ድስት። ከማዶ ቆሜ ጠበቅኩ። አጠገቡ ከሚሠራው ሕንፃ ሁለት ለሳኞች መጡና ማስታወቂያውን ቀና ብለው አዩ።

«እዚህ እንብላ?»

«አብደሃል? በዚህ ጭቃ ጫማ? ዘውዱን አታየውም!»

ሄዱ። ያባረርኳቸው እኔ ነኝ።

ለጋሽ ታምራት ነገርኳቸው። «ቃሉን እናንሳዋ» አሉ።

እትዬ ዘይነባ ግን «ቃሌንማ አትንኩ!» አሉ። ለካ ሆቴል ሳህን አጣቢ ነበሩ፤ ቃሉ የእንግዳ ሳህኖቹ ጠርዝ ላይ በወርቅ ተጽፏል። «ስንት ዓመት ለሰው ሳጥበው ኖርኩ። አሁን ደግሞ የኔ ይሁን።»

ቃሉ ቀረ። ዘውዱን አጠፋሁ፣ ጥቁሩን በቢጫ ቀየርኩ፣ እንፋሎቱ የሚወጣ ፉል አስገባሁ። ከሥሩ በትልቁ «የዘይነባ ፉል። በጭቃ ጫማም ይግቡ» ብዬ ጻፍኩ። ደንበኛ ያላለውን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ታምራት አነበቡና «አትሚው» ብቻ አሉ።

በሰቀልን ማግስት ላየው ስሄድ ከሁለቱ ለሳኞች አንዱ መጣ። ጮክ ብሎ አነበበና ሳቀ። «እትዬ፣ ጫማዬ ተፈቅዶልኛል አይደል?»

«ግባ አንተ! እግርህን ሳይሆን ሆድህን ነው የጠራሁት።»

ክዳኑን ሲያነሱት እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። ስልኬ ለስፕሌንደር ከሰጠኝ ምሳሌዎች ውስጥ ይሄ የለም።

ቤቱ አሁንም ክፍት ነው። እኔም ማስታወቂያ ከመሥራቴ በፊት ቦታውን ሄጄ አያለሁ፤ በበሩ የሚያልፈው ማን እንደሆነም።