የመዶሻ ቀይ ሆት ሮድ

የሴትዮዋን ባል ሰፈሩ ሁሉ «መዶሻ» ነው የሚለው። ባትላሜራ ነው፤ የተጨረማመተ የመኪና በር ሲያቃና ባለመኪናው ራሱ የተመታበትን ቦታ ፈልጎ ያጣዋል። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን በቆርቆሮው ላይ ይሰድና «እዚህ ጋ ገና አኩርፏል» ይላል። እውነትም አኩርፎ ይገኛል! እንዲህ ያለ እጅ ለስንቱ ይሰጣል?

ደም ግፊት ጣለውና ያቺ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለችው። ግራዋ ደህና ነበረች፣ አፉም ደህና ነበር፤ ጋራዥ ግን ድርሽ አልል አለ። የሥራ ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ይመስላል። ሚስቱን ያንገበገባት ይሄ ነው። እጁስ ይሁን፤ ሰውየው ራሱ እያለቀባት ነበር።

አንድ ቀን ልጃቸው ካርቶን ይዛ መጣች። ውስጡ ተገጣጥማ የምትቀባ ትንሽ የፕላስቲክ መኪና አለች፤ ሆት ሮድ የሚሏት፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ሞተሯ ያለ ክዳን የተገለጠ የድሮ መኪና ሞዴል።

«የልጅ መጫወቻ!» ብሎ ገፋት።

«ድንቄም! እንግዲያው እኔ እሠራታለሁ» አለች ሚስቱ። እልኸኛ ናት። ቁጭ ብላ ትልልቆቹን ጎማዎች ከፊት፣ ትንንሾቹን ከኋላ ስትገጥም አንድ ዓይኑን ከፍቶ አያት። ቻለ፣ ቻለ፣ በመጨረሻ አልቻለም።

«ኧረ ጉድ! ትልቁ ጎማ ከኋላ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! አምጪ ወዲህ!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስጥለው! መኪናዋን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ፣ የተጣበቀውን በልብስ መቆንጠጫ አስነክሶ፣ በግራ እጁ ሞተሯን፣ ጭስ ማውጫዋን፣ ከጥፍር የማትበልጠውን መሪዋን ገጠመ። አንዷ ዕቃ ስትወድቅበት ይሳደባል፣ ያነሳታል፣ እንደገና ይጀምራል። ሚስቱ ሽንኩርት እየላጠች በስርቆት ታየዋለች። እንደዚያን ሰሞን ኮርታበት አታውቅም።

«ቀለሙ ካማረልኝ ጋራዥ እመለሳለሁ» አላት። «ካበላሸሁ ግን ሁለተኛ ስለ ጋራዥ እንዳታነሺብኝ።»

«እሺ» አለች።

ከድሮ ያስቀመጠው የመኪና ቀይ ቀለም ነበረው። ከሞዴሏ ጋር የመጣው ወረቀት በምን እንደሚቀጠን ይናገራል፤ እሱ ግን «ቀለም ሊያስተምረኝ ነው?» ብሎ ወረወረውና፣ ዕድሜ ልኩን ቆርቆሮ ላይ እንደለመደው በኃይለኛው ቲነር አቅጥኖ ረጨ። መጀመሪያ አበራች፣ እሰይ የምታሰኝ ሆነች። ወዲያው በሯ ተኮማተረ። ቲነሩ ፕላስቲኩን በላው፤ ቆርቆሮ አይደለችማ!

«በቃ፣ አለቀልኝ» አለች ሚስቱ በሆዷ። አሁን መኪናዋን ከግድግዳ ጋር ያላትማታል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ የግራ አውራ ጣቱን በተኮማተረው በር ላይ ሰደደ።

«ስቱኮ ተሞልታ ትሞረዳለች» አለ። «ስቱኮ ደግሞ ያለው ጋራዥ ነው። ጫማዬን ወዲህ በዪልኝ።»

ውላችንስ ልትለው ነበር፤ ትታ ጫማውን አመጣችለት።

ጋራዡ በር ላይ ሲደርሱ የጋራዡ ቀለም ቀቢ ገና መኪናዋን ሲያያት ጮኸ። «መዶሻ! ፕላስቲክ ላይ የቆርቆሮ ቲነር? አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ?» ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። የሚስቱ ደም ፈላ፤ እሱ ግን ከሁሉም በላይ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ።

ቀለም ቀቢው እጁን ዘረጋ። «በል አምጣት፣ እኔ ላስተካክላት።»

«ንካትና እንተያያለን! ስቱኮውን ብቻ አቡካልኝ።» በርጩማ በእግሩ ስቦ ቁጭ አለ። ሚስቱ ጥቂት ቆይታ «እንሂድ፣ ይደክምሃል» ስትለው ቀና እንኳ አላለም።

«አንቺ ሂጂ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

እያለቀሰች ወደ ቤቷ ስትመለስ ጎረቤቷ አይታ ክው አለች። «ምነው? ባሰበት እንዴ?»

«ኧረ የለም እቴ!» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ባሌ ሥራ ገብቶ ነው።»