አክስቴ የከፈተችው መስኮት

ከመሃል ከጀመርኩ ስለምቀባጥር፣ ከአክስቴ ልነሳ። አክስቴ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍታለች። ኮሌታ ብቻ! "እኔ የሰው አንገት እንጂ ሌላ አላውቅም" ትላለች ስትቀልድ።

አምና ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ደግነቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ የሰነፈ እጅና እግር የሚያለማምዱባት አንዲት ክፍል አለች፣ በነፃ። በሳምንት ሦስት ቀን ይዣት እሄዳለሁ። ልምምዷ ምን መሰላችሁ? መስኮት መክፈት! ባለሙያዋ "የእንጨቱን መዝጊያ በቀኝ እጅሽ ግፊው" ትላታለች። ስድስት ወር ላብ በላብ! መጀመሪያ ጣቷም ንቅንቅ አላለም፤ ኋላ ላይ ስንጥቅ የምታህል ብርሃን ማስገባት ጀመረች።

ከዚያ ክፍሏ ልትዘጋ ነው ተባለ። በጀት የለም። በዚያው ሳምንት የአክስቴ ባል ሥራ ተሰጠው። ቀለም ቀቢ ነው፣ ሰፈሩ "ጋሽ ብሩሽ" ይለዋል። ሥራው የት መሰላችሁ? የዚያው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ! ኢኮኖሚው እንዳደገ የሚያሳይ፣ ሽቅብ የሚወጣ ትልቅ ቀይ ቀስት። ለእሱማ በጀት አለ!

"የልምምድ ክፍሏ መስኮትስ?" አለ ጋሽ ብሩሽ።

"ዝጋውና ቀባበት" አለው ሥራውን ያዘዘው ኃላፊ። "ቀስቱ እንዳይቆረጥ።"

"ጌታዬ፣ ባለቤቴ እኮ እዚያ ነው የምትታከመው።"

"አባባ፣ መጀመሪያ ኢኮኖሚው ይደግ፤ ከዚያ ወደ ሁሉም ይወርዳል።"

"ሠላሳ ዓመት ቀብቻለሁ። ከላይ የሚወርደው ጠብታ ነው፣ እሱንም በጨርቅ እንጠርገዋለን።"

ተናገረ፣ ግን ቀባ። ምን ያድርግ፣ ጦሙን ይደር? ታዲያ ቀለም ቀቢ አንድ ልማድ አለው፦ የተቀባ መዝጊያ ሲደርቅ ከፍሬሙ ጋር እንዳይጣበቅ ዙሪያውን ቢላ ያስሄድበታል። ማንም ሳያዘው፣ እጁ ለምዶበት አደረገው።

ቀስቱ የሚመረቅበት ቀን የክፍሏም የመጨረሻ ቀን ሆነ። ውጪ ድምፅ ማጉያና ጭብጨባ፤ ውስጥ እኔ፣ አክስቴ፣ ባለሙያዋና ጨለማ። "ይህ ቀስት ወደ ኋላ አይመለስም!" ሲል ኃላፊው ይሰማናል።

"ቀኔ አይደል እንዴ፣ ልሥራ እንጂ" አለች አክስቴ።

ገፋች። ጥርሷን ነክሳ ገፋች። ጧ! መዝጊያው ወለል ብሎ ተከፈተ። የቀስቱ ወገብ ጠፋ፣ በቦታው የአክስቴ ፊት ብቅ አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

"ዝጊው፣ እማማ!" ጮኸ ኃላፊው።

"የኔ ልጅ፣ ለመክፈት ስድስት ወር ፈጅቶብኛል" አለችው። "አደገ የምትሉት እኮ በኔም ኮሌታ ነው። ይሄ እጅ ቢድን ወደ ማሽኔ እመለሳለሁ። ታዲያ እሱ ዕድገት አይደለም?"

እልል ተባለ። በማግስቱስ? ክፍሏን ቆለፏት፣ መዝጊያውን በሚስማር ጠረቀሙት። በሚስማር! ጋሽ ብሩሽ የሚስማሩን ጭንቅላት ቀይ ቀባው ቢባል እምቢ አለ፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድም ሥራ አልሰጡትም።

አክስቴ ቤት ውስጥ በኛ መስኮት ትሞክራለች። ያለ ባለሙያ ግን እጅ እየረሳ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ኮሌታ የሰፋች ሴት፣ የራሷን ኮሌታ መቆለፍ አቃታት። እኔ ቆለፍኩላት።