ሰንሰለቱን የሳብሁ ለት

ልጄ እዚህ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ብረት በአሲድ ከሚያጥብ ፋብሪካ ሥራ አገኘች። እንደ ደንባችን ከመጀመሯ በፊት እንድመርቃት ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። እኔ እግሬን ሰበሰብሁ።

"ሥጋ የሚያቀልጥ ነገር ካለበት ቤት መርቄ አልልክሽም" አልኋት።

"ሳይመርቁኝ አልጀምርም።"

"አትጀምሪያ!"

ግትርነቷን ከእኔ ነው የወረሰችው። ሥራ የምትገባበት ቀን ሲቃረብ የአዳዲስ ሠራተኞች ቤተሰብ ገብቶ እንዲያይ ፋብሪካው ጠራ። አልሄድም አልሁ።

"አባባ፣ የአያቴን ነገር የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም?" አለችኝ።

አባቴ ጎንደር አጠገብ ቀጥቃጭ ነበር። ጎረቤቶቻችን ማረሻ ያሠሩታል፤ ግን ቡዳ ነው እያሉ እሱንም ወናፉንም ይፈሩ ነበር። ብረቱን ከደጅ ጥለው ይመለሳሉ እንጂ አንድም ገብቶ ያየ የለም። ለካ እኔም እንደነሱ ከደጅ ቆሜያለሁ። ተነሥቼ ሄድሁ።

ያስጎበኘችን አለቃዋ ናት። "አደገኛ ነው ወይ?" ብዬ ጠየቅኋት፤ ልጄ በዕብራይስጥ አደረሰችልኝ። አይደለም ብትለኝ ዋሸችኝ ብዬ ልጄን ይዤ እወጣ ነበር።

"አዎ፣ አደገኛ ነው" አለች። "ይሄ ሁሉ የተደረገውም ለዚያ ነው።" ጓንቱን፣ የዓይን መከለያውን፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ሻወር አሳየችን። አሲድ የነካው ሰው ሰንሰለቱን ሲስብ ውሃ ይወርድለታል አለች።

ይወርዳል ሲሉኝ አልበቃኝም። ሳብሁት።

ውሃው እንደ ሐምሌ ዶፍ ወረደብኝ። ደወሉ ጮኸ። ሰው ከየማዕዘኑ እየሮጠ መጣ፤ አንዱ ፎጣ፣ አንዱ የመድኃኒት ሣጥን ይዟል። ከመካከላቸው አንድ ያገሬ ሰው፣ "አባ፣ የቱ ጋ ነካዎ?" እያለ እጄን ያገላብጣል።

"ምንም አልነካኝ። ይሠራ እንደሁ ብዬ ነው።"

ይቆጡኛል ስል አለቃዋ ሣቀች። "ታዲያ ሠራ?"

"ሠራ" አልኋት።

ልጄ በሀፍረት ፊቷን ሸፍናለች። "ነይ እንግዲህ" አልኋት። መጥታ ጎንበስ አለች፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጉልበቴን ሳመች። "በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ" ብዬ እዚያው መረቅኋት።

አሲዱን ዛሬም አልወደውም። ጧት ጧት ልጄ ስትወጣ ግን ያ ሁሉ ሰው ምንም ላልሆነ ሽማግሌ እንደዚያ መሮጡ ትዝ ይለኛል። ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፤ እነሱንም።