ለጓደኛዬ አባት የተረጎምኩት

ሰባተኛ ክፍል ስካውት ሆንኩ። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ወላይታ ሶዶ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ቢጫ ሻርፕ አንገታችን ላይ አስረን በር የምንጠብቅ፣ ሰልፍ የምናስተካክል፣ ያረፈደ የምንመዘግብ እኛ ነበርን። ጎረቤት ሁሉ እንዲያየኝ አቋራጩን ትቼ በዋናው መንገድ ዞሬ ነበር የምሄደው። ጉረኛ ነበርኩ።

የስካውት ክበቡን አላማውም። ችግኝ አጠጥተናል፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት ጭቃ መርገናል። መምህራችን ዓርብ ዓርብ ሰብስቦ በሳምንቱ ምን መልካም ሥራ እንደሠራን እያንዳንዳችንን ይጠይቀን ነበር። "ስካውት እውነት ላይ አይጨምርም፣ አይቀንስም" ይለናል። እኔ ይቺን ቃል እንደ ጸሎት ሸምድጃት ነበር።

የወንበር ጓደኛዬ ከዳሞታ ተራራ ሥር ነበር የምትመጣው። እናቷ ሞታለች። ውኃ ቀድታ፣ ለላሟ ሣር አጭዳ፣ ታናናሾቿን አብልታ ነው ደብተሯን የምታነሳው። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ያመጣችውን ቅቅል ቦዬ፣ ያንን ድንች መሳይ ሥራ ሥር፣ ሁልጊዜ ለሁለት ትቆርሰዋለች። ሒሳብ የምታስረዳኝም እሷ ነበረች። ግን ታረፍዳለች። ሦስት ቀን ያረፈደ ወላጅ ያመጣል፤ ሦስተኛውን ቀን የመዘገብኳት እኔ ነኝ።

አባቷ መጡ። አማርኛ አይችሉም። የተማሪ ሥርዓት የሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደር ደግሞ ከሌላ ክልል የመጡ ስለሆኑ ወላይትኛ አያውቁም። እንዳስተረጉም በር ላይ የቆምኩትን እኔን ጠሩኝ። ልንገባ ስንል ጓደኛዬ እጄን ያዘች።

"ለአባቴ ቀስ አድርገሽ ንገሪው፣ እሺ? አጎቶቼ ‘ለሴት ትምህርት ምን ያደርግላታል’ እያሉ ልቡን እያሸፈቱት ነው።"

ዩኒት ሊደሩ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ ተቆጡ። "በሰዓቱ መላክ ካልቻሉ ቤትዎ ያስቀምጧት! ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ!"

አማርኛ ለለመደ ጆሮ ይህ ተራ ቁጣ ነው። ወላጅ ይቅርታ ይላል፣ ነገሩ ያልፋል። እኔ ግን ቃል በቃል ተረጎምኩት። ጓደኛዬ አፍ አፌን ታየኛለች። "ተቆጥተው ነው እንጂ" ብዬ ብጨምር ይበቃ ነበር። አልጨመርኩም። አባቷ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ሰሙ። ከዚያ አመሰገኑና እጇን ይዘው ወጡ። ዩኒት ሊደሩ የተግባቡ መስሏቸው "ጎበዝ" አሉኝ። ዓርብ ዕለት ይህንኑ መልካም ሥራዬ ብዬ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ።

ሰኞ አልመጣችም። በሚቀጥለው ሳምንትም አልመጣችም። ዩኒት ሊደሩ "ያቺ ልጅ የት ገባች?" ሲሉኝ ለአባቷ ያልኩትን ነገርኳቸው። ደነገጡ።

"እኔ እኮ ለማስፈራራት ነው! ሂጂና ጥሪያት።"

ዛሬ ነገ ስል ሁለት ሳምንት አለፈ። ቤቷን አውቀዋለሁ፤ መንገዱም ሩቅ አልነበረም። አባቷ ፊት ቆሜ "ተሳስቻለሁ" ማለት ስላልፈለግሁ ነው። በመጨረሻ ስሄድ ቦምቤ የምትባል ከተማ አክስቷ ጋ ተልካለች ተባልኩ። እዚያው ተዳረች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔማ ወለምታም አልነበረም፣ አስቤ ነው የተናገርኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ አረካ መናኸሪያ አገኘኋት። ልጅ አዝላ ሚኒባስ ትጠብቃለች። አገላብጣ ሳመችኝ። ይቅርታ ልላት ስል እሷ ቀድማ ስለ አባቷ ጀመረች። በክረምቱ አርፈዋል።

"ያኔ ቤት ስንገባ፣ ሰውዬው ተቆጥቶ ነው እንጂ አላባረረኝም አልኩት። እምቢ አለ። ‘አንቺ ይህን የምትዪው መማር ስለፈለግሽ ነው፤ ሻርፕ ያሰረችው ልጅ የነገረችኝ የመንግሥት ቃል ነው’ አለኝ።" ያዘለችውን ልጅ እግር ወደ ውስጥ አስገባች። "ሊሞት ሲል አለቀሰ። ‘መንግሥት ባይከለክለኝ አስተምርሽ ነበር’ አለ። እኔም ‘አዎ አባዬ፣ መንግሥት ነው’ አልኩት። ዋሸሁት። ኃጢአት ይሆንብኛል እንዴ?"

"አይሆንብሽም" አልኳት። ይቅርታውን ልላት ስል እንባዬ ቀደመኝና ሚኒባሷ ስትመጣ ሳልነግራት ተሳፈረች።