ተራዬን የወሰደብኝ ፎቶ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጁ ጋሪውን ከመንገድ እየገፋ ያወጣበት ጊዜ ነው። ለአንድ ለአምስት ስብሰባ እያሉ ከአውድማ የሚጠሩን ጊዜ ነው። መስታወት የመሰለው ስልክ ወደ እኛ ቀበሌ ገና መግባቱ ነበር። ልጆቼን ስጠይቅ አንዱ አንድ ዓመት ይለኛል፣ ሌላዋ ሌላ። ወሩን ግን በበርበሬው አውቀዋለሁ። ኅዳር ሊያልቅ ነው፤ በርበሬው ተለቅሞ ጎጆ ውስጥ ተቆልሏል፤ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ደህናውን ከነጣው እለያለሁ።

በርበሬ የለየ ሰው ይህን ያውቃል። ብናኙ ልብስ ውስጥ ከገባ በሦስት ውኃ ቢታጠብም አይለቅም፤ ያን ልብስ ለብሰው ሕፃን ቢያቅፉ ሕፃኑ ያለቅሳል። ስለዚህ እኛ ዘንድ የበርበሬ ልብስ ለብቻው ነው፤ ለሌላ ነገር የማይሆን፣ የተቀዳደደ፣ እጅጌው ያለቀ። ሥራው ሲያልቅ እዚያው ጎጆው ምሰሶ ላይ ይሰቀላል እንጅ ቤት አይገባም። ጎጆውም ቢሆን ሰው የሚያድርበት አይደለም፤ ነፋስ እንዲያልፍበት ግድግዳው ሳይመረግ የተተወ ነው። ቆርቆሮ ቤቴ ከዚያ ሃያ እርምጃ አይርቅም። እንባው ደግሞ የታወቀ ነው። በርበሬ የሚለይ ሰው ቀኑን ሙሉ እንባው ሲወርድ ይውላል፤ ማንም ምን ሆንክ አይለውም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው የወንድሜ ልጅ የመጣብኝ። ወንድሜ ከሞተ ቆይቷል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ ፍኖተ ሰላም እናቱ ዘንድ ተመልሶ ነበር፤ እናቱ ገበያው ዳር የጨርቅና የክር ሱቅ አላት። ባጃጁን ከመንገድ ዳር አቁሞ፣ በፕላስቲክ የታሸገ ብርድ ልብስ ታቅፎ፣ በማሳው በኩል መጣ።

«አጎቴ፣ አይነሱ፣ አይነሱ! እንዳሉ ይሁኑ።»

«ቆይ እንጅ፣ ፊቴን ልታጠብ። ጋቢዬንም ልልበስ።»

«ኧረ በእመቤቴ! እንዲህ ነው የሚያምርብዎ።»

ሳቅሁ። ይህ ምኑ ያምራል አልሁት። ብርድ ልብሱን አስያዘኝ። ፕላስቲኩን ልቀድድ ስል እጄን ያዘው፤ «አይቅደዱት፣ የሱቁ ስም ይታይ» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ወደ ጎጆው በር አስጠጋኝ፤ ወደ ፀሐዩ አዞረኝ። «አይሳቁ አጎቴ። ዝም ብለው እኔን ይዩኝ» አለኝ። እኔም ዝም ብዬ አየሁት፤ እንባዬ ይወርዳል።

ወንድሜ አንድም ፎቶ ሳይኖረው ነው የሞተ። ልጁ ይኸ ቆጭቶት ለእኔ ያሰበ መሰለኝ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ፤ አንገቴንም ቀና አድርጌያለሁ። አንስቶ ሲጨርስ ብርድ ልብሱን ከእጄ ተቀብሎ፣ «የተሻለ አመጣልዎታለሁ» ብሎኝ በባጃጁ ይዞት ሄደ።

ባለቤቴ ከጓሮ መጥታ፣ «ብርድ ልብሱስ?» አለችኝ።

«ይዞት ሄደ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ አመጣው?»

ሳቅን። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ራሱ ያቃጥለኛል።

የእኛ ጽዋ ማኅበር የሚካኤል ነው። በየወሩ በአሥራ ሁለት በተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። አባላቱ አሥራ ሦስት ስለሆንን ተራው በየዓመቱ አንድ ወር ወደፊት እየተገፋ ይዞራል። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የጥር ሚካኤል ደረሰኝ። የጥር ሚካኤል የጥምቀት ማግሥት ነው፤ ታቦቱን አጅቦ የገባ ሕዝብ ሁሉ ወደ ተረኛው ቤት ይጎርፋል። ለዚያ ቀን ሙክት አስሬ ነበር። ባለቤቴ ጌሾውን አስወቅጣ ብቅሉን አስፈጭታ ጨርሳለች። ዳግመኛ ጥር እስኪዞርልኝ ዕድሜዬ እንደማይበቃ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት በአንዱ አባል ቤት ተሰበሰብን። በላን፣ ጠጣን። ካህኑ ከባረኩ በኋላ ሙሴያችን ጽዋውን አነሳ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። ጽዋው በነጠላ እንደ ተሸፈነ ለተረኛው ይሰጣል፤ ተረኛው ቤቱ ወስዶ እስከ ወሩ ያኖረዋል። እኔ ጋቢዬን አስተካክዬ ተነሣሁ፤ እጄን ዘረጋሁ። ሙሴው በፊቴ አልፎ በቀኜ ለተቀመጠው ሰው ሰጠው።

«ምነው? ተረኛው እኔ አይደለሁም?» አልሁት።

«ነዎት፣ ነዎት እንጅ አያ። ዘንድሮን ይረፉልን ብለን ነው።»

«ከምኑ ነው የማርፈው?»

«ተመካክረንበታል። አንቱ አይጨነቁ፤ የአንቱን እኛ እንሸፍናለን።»

ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ልወጣ ስል የቤቱ እመቤት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ በእጄ አስያዘችኝ። ለእኔ ብቻ። ለሌላ ሰው አልጠቀለለችም። ዳቦውን ይዤ ወጣሁ።

ባለቤቴ ጽዋው ሲመጣ እልል ልትል በር ላይ ቆማ ነበር። ዳቦውን አየች፤ እጄን አየች። «ጽዋው የታለ?» አለችኝ። ዳቦውን አቀበልኋት።

በቡሬ ገበያ ቀን በርበሬዬን በአህያ ጭኜ ወረድሁ። በርበሬዬን ሁልጊዜ የሚገዛኝ ነጋዴ እስላም ነው፤ ከአባቱ ጀምሮ ደንበኛዬ ናቸው። ገና ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። «አያ፣ ወላሂ ለእኔ አለመንገርዎ ከፍቶኛል። ቤትዎ ምን ነካው?» አለኝ።

«ቤቴ? ምን ሆነ ብለህ?»

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። እኔ ነኝ። የበርበሬ ልብሴን ለብሼ፣ ጎጆዬ በር ላይ ብርድ ልብስ ታቅፌ አለቅሳለሁ። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሁት ፊደል አልጠፋኝም፤ በቀስታ ነው እንጅ አነባለሁ። ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው አባት ይላል። በዚህች ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ ይላል። ሳገኛቸው ከርኃብ የተነሣ ያለቅሱ ነበር ይላል። እኔም እናትና አባቴን በልጅነቴ ያጣሁ፣ ድህነትን የማውቅ ልጅ ነኝ ይላል። አጎቴ ናቸው የሚል ግን የለበትም።

ከዚያ በታች የሰው ምርቃት ነው። ተባረክ፣ የአገር ተስፋ፣ አንተን የወለደች ማኅፀን። ነጋዴው በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ሌላ ፎቶ መጣ፤ የማላውቃቸው አሮጊት ያንኑ ብርድ ልብስ ታቅፈዋል። ፕላስቲኩ አልተቀደደም።

በርበሬዬን እዚያው ጥዬ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። የወንድሜ ሚስት ለአንዲት ሴት አቡጀዴ እየለካች ነበር።

«ውይ ወንድም ጋሼ! በደህና ነው? ምነው ፊትዎ?»

«ሞተሻል አሉ» አልኋት።

«እ?»

«ልጅሽ ጽፏል። አንች ሞተሻል፣ እኔ ተርቤያለሁ።»

መጀመሪያ ሳቀች። «ታዲያ ጧት ፍርፍር ያበላው ማን ኖሯል?» አለች። ከዚያ አቡጀዴ የምትገዛዋ ሴት በራሷ ስልክ ከፍታ አሳየቻት። የወንድሜ ሚስት አነበበች፤ ደግማ አነበበች። መቀሱን አስቀመጠች።

ልጁ ለምሳ መጣ። የራሱ ፊት የታተመበት ካናቴራ ለብሷል፤ ከፊቱ ሥር «በጎው ልጅ» ይላል። ሲያየን ገባው። ግን አላፈረም። ተቀመጠና እንደ መምህር ያስረዳኝ ጀመር።

«አጎቴ፣ ነገሩ አልገባዎትም። ዘመኑ ሰው ራሱን የሚሸጥበት ነው። ብራንድ ይባላል። ዲግሪዬን ይዤ ስንት ቢሮ ዞርሁ? ማን ቀና ብሎ አየኝ? አሁን መንገድ ላይ ሰው ያቆመኛል። ሱቆቹ እኛን አሳይልን እያሉ ይለምኑኛል።»

«ራስህን ሽጥ። እኔን ሽጥ ያለህ ማን ነው? እናትህንስ?»

«ታሪክ ያስፈልጋላ! የባለሱቅ ልጅ ነኝ ብዬ ብጽፍ ማን ያነበኛል?»

እናቱ ከባንኮኒው ጀርባ፣ «የሙት ልጅ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ» አለችው።

በዕድሜዬ ስሸጥ ኖሬያለሁ። መሸጥ ነውር ነው አላልሁም። በርበሬ ለገበያ ሲቀርብ ክብደት እንዲያነሣ ውኃ የሚረጩበት አሉ፤ የነጣውን ከሥር፣ ቀዩን ከላይ የሚያደርጉ አሉ። አውቃቸዋለሁ፤ ሰላምታም አልሰጣቸውም። ይህ ልጅ የተማረው በበርበሬዬ ነው። ከእያንዳንዱ ምርት እየቀነስሁ ደብተሩን፣ ጫማውን፣ የመኪናውን መሳፈሪያ የከፈልሁለት ልጅ ነው። ይኸው እኔኑ ውኃ ረጭቶ፣ ቀዩን ከታች የነጣውን ከላይ አድርጎ፣ አደባባይ አሰጣኝ። ይህን ሁሉ ነገርሁት። ድምፄ ከሱቁ ውጭ ይሰማ ነበር፤ ሰው ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ግድ አልሰጠኝም።

ከዚያ ለምን እንደመጣሁ ነገርሁት። «ጥር አሥራ ሁለት ተራዬ ነበር፤ ነጥቀውኛል። መጥተህ በማኅበሩ ፊት ተናገር። አጎቴ ነው፣ የለበሰው የበርበሬ ልብስ ነው፣ ያለቀሰው በርበሬ አቃጥሎት ነው በል። ሌላ አልጠይቅህም።»

«እንዴት ብዬ አጎቴ? አንዱ ቢቀርጸኝስ? ስሜ ይበላሻል እኮ!» አለኝ። ትንሽ አሰበና ዓይኑ በራ። «ሌላ እንሥራ! እርስዎ ጋቢዎን ለብሰው ቆርቆሮ ቤትዎ በር ላይ ይቆማሉ። ‹ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆኑ› ብዬ እለጥፈዋለሁ። ሰዉም ይደሰታል፣ እርስዎም ከድህነቱ ስም ይወጣሉ።»

ያን ቤት ምሰሶውን በትከሻዬ ያመጣሁት ነው። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ነው የገዛሁት። እሱ የሠራልኝ ሊያደርገው! ከባንኮኒው ላይ የእንጨቱን ሜትር ሳነሣ አላወቅሁትም። ሰው መትቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እመታው ነበር። የወንድሜ ሚስት ሜትሩን በእርጋታ ከእጄ ወሰደችና፣ «ወንድም ጋሼ፣ እሱ ካልመጣ እኔ እመጣለሁ» አለችኝ።

እሑድ ሱቋን ዘግታ መጣች። ቅዳሴ ሲወጣ የማኅበሩ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። እኔ ከጀርባዋ ነኝ፤ መሬት መሬት አያለሁ።

«አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ የሞትሁት ሴትዮ ነኝ» አለች።

አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ ተያዩ።

«ልጄ ገድሎኛል፤ በስልክ። እኔን ከገደለ አጎቱን ማስራቡ ምን ይገርማል? እኒህ ሰው ባሌ ሲሞት ሁለት ክረምት አርሰውልኛል። እሳቸው ቢራቡ ኖሮ ቀድመን የምንራብ እኛ ነበርን። ልጅ አሳስቷችኋል ልበል፤ እናንተ ግን በርበሬ አታመርቱም? ከዚህ መኻል የበርበሬ ልብስ የሌለው ማን ነው? ይነሣና ይንገረኝ።»

የተነሣ የለም። ሙሴው ነጠላውን ወደ አፉ ሳብ አደረገ። «ከተማ የሚማር ልጄ ነው ያሳየኝ» አለ። «የገዛ ወንድማቸው ልጅ ከጻፈው እውነት ቢሆን ነው፤ አፍረው ደብቀውን ነው ብለን አዘንን። ለክፋት አይደለም አያ።»

ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የበለጠ ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ልብሱን ያውቁታል። ጎጆውን ያውቁታል፤ ምሰሶውን አብረውኝ የተከሉ አሉ። እንባውንም ያውቁታል፤ እነሱም በዚያ ሰሞን ሲያለቅሱ ነው የከረሙ። አርባ ዓመት ያዩትን ትተው አንድ ቀን ስልክ ያሳያቸውን አመኑ። አንድ ሰው እንኳ ቤቴ መጥቶ በሬን አላንኳኳም።

ተነጋገሩ። ጽዋው ተባርኮ ከገባበት ቤት ሳይጠጣ አይወጣም፤ ሥርዓቱ ነው። ጥር ሄደ። የካቲትን ሰጡኝ። በዚያ ዓመት ጾሙ ቀድሞ ስለ ገባ ሙክቱ ከነገመዱ ቆመ፤ ማኅበርተኛው በሽሮና በጎመን ዘከረ። ታቦት አጅቦ የሚመጣም አልነበረም። አሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞችና ካህኑ መጥተው በልተው ሄዱ። ሙሴው ይቅርታ ብሎኛል፤ እኔም ይቅር ብያለሁ። የወንድሜ ልጅ ግን ይቅርታ አላለኝም። ፎቶውም እስከ ዛሬ እንዳለ ነው ይሉኛል፤ አሁንም የማያውቁኝ ሰዎች ያዝኑልኛል፣ እሱን ይመርቁታል። ሽማግሌ ነህ፣ ተወው ይሉኛል። አልተወውም።

ጥር አሥራ ሁለት ከሌላ ሰው ቤት ጽዋውን ተቀብዬ ስወጣ፣ መንደሩ ሁሉ በየደጁ ቆሞ ያየኝ ነበር። አንዲት ሴት ከፍኖተ ሰላም ሁለት ቀን ቀድማ መጥታ፣ ከባለቤቴ ጋር ቤቱን አዘጋጅታ፣ በዚያ መንገድ ከጎኔ ሆና እስከ ደጄ ድረስ እልል እያለች አስገባችኝ። ያን ወራት ሰው ፊት ቀና ብዬ እንድቆም ያደረገችኝ እሷ ናት፤ የወንድሜ ሚስት፣ ልጇ በቁሟ የገደላት።