ያልመታው እጅ

በመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከገበያው በታች ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ጎልማሳ ሰዎች አንገት ለአንገት ተያይዘን መሬት ላይ እንንከባለላለን። ነገሩ ጁጂትሱ ይባላል፤ የብራዚሎች ትግል ነው። የከተማው ሰው ስሙ ስላልተመቸው «ግብግቡ» ይለዋል። አሰልጣኛችን የመርሐቤቴ ልጅ ነው። ዓረብ አገር በአንድ ስፖርት ቤት ጽዳት ሲሠራ፣ ወለሉን እየወለወለ ሲያይ ሲያይ አንድ ቀን ግባና ሞክር አሉት፤ ከዓመታት በኋላ ሐምራዊ ቀበቶ ይዞ ወደ አገሩ ገባ። ወደ እኛ የመጣው እህቱ እዚህ ስለተዳረች ነው። ምንጣፍ የሚባል ነገር ስለሌለን በማዳበሪያ ከረጢት የጓሳ ሣር ጠቅጥቀን፣ ጎን ለጎን ሰፍተን፣ ላዩ ላይ የጭነት መኪና ሸራ ወጠርንበት። ልብሱን ደግሞ አንድ የገበያ ልብስ ሰፊ ከድርብ አቡጀዲ ሰፋልን። መጀመሪያ ለብሰን ስንወጣ ያየችን አንዲት አሮጊት፣ ምነው ሳትሞቱ ተገነዛችሁ ብላናለች።

አሰልጣኙ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረን መልቀቅን ነው። ክንድህ ሊሰበር ወይም ትንፋሽህ ሊቋረጥ ሲል የያዘህን ሰው በመዳፍህ ሁለቴ መታ መታ ታደርገዋለህ። በቃኝ ማለት ነው። የያዘህ ሰው ወዲያው ይለቅሃል፤ ለምን ብሎ ነገር የለም። ይኼ ቀላል ነገር መንዝ ላይ ፈጽሞ አልሠራም። በቃኝ ማለት ለእኛ ሞት ነው። ከግንባር የተመለሰ አንድ ወጣት ነበረን፤ በመጀመሪያው ሳምንት ክርኑ ሲንቋቋ ሁላችንም ሰምተናል፣ እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። አሰልጣኙ ተናደደ። ብዙ አገር ሰው አይቻለሁ፣ አጥንቱ እስኪሰበር ዝም የሚል ሕዝብ ግን እናንተን አየሁ አለን። እኛም እንደተመሰገነ ሰው ፈገግ አልን። ሞኝነታችን እስከዚህ ነበር።

እኔን እዚያ ያስገባችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ በዚያን ጊዜ ግን ከመምህርነቴ ይልቅ ቁጣዬ ነበር የሚታወቀው። ጠመኔ ሲሰበር ክፍሉን ጥዬ እወጣለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ግፊቴ ጣሪያ ነክቷል። ነርሷ የግፊት መለኪያውን ከክንዴ ላይ እየፈታች፣ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንህም፣ ና ከእኛ ጋር ተንከባለል አለችኝ። እሷ ለክትባት ገጠር ለገጠር ብቻዋን የምትሄድ ሴት ናት። አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ሰው እጇን ይዟት በስንት መከራ አምልጣለች፤ ከዚያ ወዲህ የሚያስተኛት ይኼ መጋዘን ብቻ ነው። ክርኑ የተንቋቋው ወጣትም ከኋላው ሰው ሲመጣበት የሚጮህ ልጅ ነበር። እዚህ ከኋላው ታቅፎ መተንፈስን ተማረ። እኔም በሁለተኛው ወር መተኛት ጀመርኩ። ሰው ደረቴ ላይ ተጭኖ መፈናፈኛ ሲያሳጣኝ ወንድሜን ማሰብ አልችልም ነበር፤ የማላስበውም በዚያን ሰዓት ብቻ ነበር።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ወደ ግሼ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለው መሬታችን፣ ገብስ ሲታጨድ፣ በድንበር ጠብ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ተፈርዶበት እስር ቤት ሳለ በበሽታ ሞተ። ሕግ ጉዳዩን ዘጋ። እናቴ ግን አልዘጋችም። «እግዜር ገደለው እንጂ እኛ ምን አደረግን» ትል ነበር። ልብሷን ጥቁር ነክራ ከል ለበሰች፤ ደሙ ሳይመለስ አላወልቅም ብላ ማለች። የሟቹ ታላቅ ወንድም እኔ ነኝ፣ የገዳዩም ታናሽ ወንድም በሕይወት አለ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ለበዓል በሄድኩ ቁጥር ከሏ እየነጣ፣ እሷ እንደገና እየነከረችው አገኛት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ማታ ማታ የሚዘንበው ዝናብ ሲጀማምር ያ የገዳዩ ወንድም መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ፍርድ ቤት ወንድሙ ሲፈረድበት አይቼዋለሁ፤ ልረሳው አልችልም። አሰልጣኙ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ የእኛን ደም አያውቅም፣ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ አስገባው። በእኛ ወግ ደም የተቃባ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጥም፣ ከአንድ ኩባያ አይጠጣም። ወጥቼ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ እንቅልፌን ለሱ ጥዬለት የምሄድበት ምክንያት አልታየኝም። ጥግ ላይ አንድ የውሃ ጀሪካንና አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ነበረን። እሱ ገና በመጀመሪያው ቀን የራሱን ኩባያ ከኪሱ አወጣ። ያኔ እሱም እንዳወቀኝ፣ አውቆም እንደመጣ ገባኝ።

ለሳምንታት እንደ አይጥና ድመት ተሸሻሸን። እሱ ከወጣቱ ጋር ሲያያዝ እኔ ከነርሷ ጋር እያያዛለሁ። በኋላ ግን አሰልጣኙ፣ ክብደታችሁ እኩል ነው፣ ምን ያፋራችኋል ብሎ አንድ ላይ አቆመን። ነርሷ የአገሩ ወሬ ደርሷታል መሰለኝ ልትናገር አፏን ከፈተች። እኔ አስቀድሜ ተንበረከክሁ።

ሰውዬው አልታገለም። መጀመሪያ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ጀርባውን ሰጠኝ፣ አገጩን ቀና አደረገ፣ ክንዴ አንገቱ ሥር ሲገባ እንደ በሬ ዝም አለ። አሰልጣኙ ማተባችንን እንድናወልቅ ለምኖን እምቢ ስላልነው ሁላችንም ማተባችንን እንዳሰርን ነው የምንታገለው፤ የሱ ማተብ ቋጠሮ ክንዴን ሲወጋኝ ይሰማኛል። ጨመቅሁ። እስኪመታ ጠበቅሁ። አልመታም። ቁልቁል ሳይ እጁ ሸራው ላይ፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ ተከፍቶ ተቀምጧል። የኩራት እጅ እንዳልሆነ በዚያው ገባኝ። የመንዝ ሰው ሲኮራ ጡጫውን ነው የሚጨብጠው። ይኼ የሚሰጥ ሰው እጅ ነበር።

አልዋሽም፣ ጨመርኩበት። አሰልጣኙ ፊቱን ወደ ሌሎቹ አዙሯል። ስፖርት ነው፣ አልመታም ነበር ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ እናቴም ከሏን ታወልቃለች። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት፣ ደስም አለኝ። ከዚያ ሰውዬው አንኮራፋ። ደም ወደ ራስ መሄዱ ሲቋረጥ ሰው እንዲያ ያንኮራፋል አሉ፤ እኔ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ልጆች ሆነን ከወንድሜ ጋር አንድ ባና ለብሰን ስንተኛ ጆሮዬ ሥር የሚያንኮራፋውን ነው። ክንዴ ሳላዘው ተፈታ።

አሰልጣኙ ሮጦ መጥቶ እግሮቹን ሽቅብ አነሳ፤ ነርሷ ልቡን አዳመጠች። ሰውዬው ዓይኑን ገለጠ። ነርሷ ውሃ ልታመጣ፣ አሰልጣኙ ሌሎቹን ሊያርቅ ዞር ሲሉ ብቻችንን ቀረን።

«ለምን ለቀቁኝ፣ መምህር?» አለኝ።

«አንተስ ለምን አልመታህም?»

«ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባ። እርስዎ በሚያስተምሩበት ነው። በእኔ ካለቀ እሱ ይተርፋል ብዬ።»

ልጁን አውቀዋለሁ። መስኮቱ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ የአያቱን፣ ማለት የገዳዩን አባት ስም ስጠራ ምላሴ ይከብደኛል። እኔን ሲያይ ለምን አንገቱን እንደሚደፋ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። አባቱ ይኼን መጋዘን የመረጠው እንዲህ አስቦ ነው፤ ጠመንጃ ሳይተኮስ፣ እኔም ሳልታሰር፣ ዕዳው በሱ ላይ እንዲያልቅ። ልብሴን እንደለበስኩ ወደ ብርዱ ወጣሁ፣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬም አለቀስኩ።

በቅዳሜው በእግሬ ወደ እናቴ ወጣሁ። አገሯ የጓሳ ሜዳ ጫፍ ላይ ነው፤ ጉሙ ሳይገለጥ ደረስኩ። በረንዳው ላይ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ሁሉን ነገርኳት፤ ሽማግሌ እንዲገባ፣ ሰውየውም እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር እንዲወድቅ ለመንኳት። እንዝርቷን አቆመች።

«አንገቱ ክንድህ ውስጥ ነበር?»

«አዎ።»

«ለቀቅኸው።»

«ለቀቅሁት፣ እማ።»

ተቆጥታ ብትሰድበኝ በወደድኩ። «እኔኮ ከሌን የምታወልቅልኝ አንተ ነህ ብዬ ነበር» አለችና መፍተሏን ቀጠለች። ያን ቀን እራት አቀረበችልኝ፤ አብራኝ ግን አልበላችም። በኋላ ሽማግሌ ብልክም ከበር መለሰቻቸው። አጎቶቼ ያለ እናት ቃል እርቅ የለም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ወጉ እንዲያ ነው።

እኔና ሰውዬው መጋዘኑን አልተውንም። መንገድ ላይ ስንተያይ እሱ ዳር ይዞ ያልፋል፣ እኔም አላየሁም እላለሁ። ሸራው ላይ ግን እንያያዛለን። ለመጀመሪያ ጊዜ የመታኝን አልረሳም፤ በሽተኛ የተኛበትን ቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው ቀስ ብሎ ሁለቴ ትከሻዬን ነካኝ። ለቀቅሁት። አሰልጣኙ ከወዲያ ሆኖ አመሰገነን፤ ስለ ቴክኒኩ ነበር የሚያወራው። ከዚያ በኋላ እሱ እኔን፣ እኔ እሱን በቃኝ እያልን ስንመታ ከረምን። ኩባያው ግን እንደተለየ ነው። እሱ ከራሱ ኩባያ፣ እኔ ከቆርቆሮው እንጠጣለን።

እናቴ በዐቢይ ጾም ታመመች። በመጨረሻው ሳምንት አልጋዋ አጠገብ ሆኜ ማሪው እያልኩ ለመንኳት። የነፍስ አባቷም ለመኗት፤ አባታችን ሆይ ስትደግም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ስትደርስ ዘልላው ትቀጥላለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሞተች። ከሏን ያወለቁላት ሴቶቹ ሲገንዟት ነው። አክስቴ አጥፋ አመጣችልኝ፤ «ለልጄ ስጡልኝ ብላለች» አለችኝና ሰዎቹ ወደተቀመጡበት ሄደች። ጨርቁ ጭስ ጭስ፣ እሷን እሷን ይሸታል። እናቴን እወዳት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ጠላኋት።

አርባዋን አውጥቼ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ሰውዬው ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ከረጢቶቹን ያስተካክላል። ደመኛ ስለሆነ የእናቴ ሞት የደረሰው በሩቅ ወሬ ነው፤ ለቅሶ መድረስም አልቻለም። ቆሞ እግዜር ያጽናዎት አለኝ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጠየቀኝ።

«እናትዎ ምን ብለው ሄዱ?»

ልጁ በዚያን ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሳቀርብ እጁን አውጥቶ ሊመልስ ሲል እንደገና ሲያወርደው አይቼዋለሁ።

«ከሏን አውልቃ ነው የሞተችው» አልኩት።

ጉልበቴን ሊስም ወደቀ፣ ብብቱን ይዤ አነሳሁት። ሌሎቹ እየገቡ ነበር፤ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ጥግ ሄደ። የራሱን ኩባያ ከኪሱ አላወጣም። የቆርቆሮዋን አንስቶ ከጀሪካኑ ቀዳ፣ ግማሹን ጠጣ፣ ቀሪውን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ከሉ ቤቴ፣ ሳጥን ውስጥ ነው። ተቀብዬ ጠጣሁ።